የላላው በር፦ ስለ እርግዝና ቃር

ለነፍሰ ጡር እናቶችና አብረዋቸው ለመጡ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። ለክትትል ስትመጡ «ሌላ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ ብዙዎቻችሁ የምትመልሱት «ቃር ነው እንጂ ደህና ነኝ» ብላችሁ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚያች «እንጂ» ነው። በአንድ በኩል እውነት አላት፤ ከነፍሰ ጡሮች ከግማሽ የሚበልጡት በአንዱ ወቅት ቃር ይይዛቸዋል፣ በአብዛኛውም እናቲቱንም ፅንሱንም አይጎዳም። በሌላ በኩል ሌሊቱን ተቀምጣ የምታነጋ ሴት፣ ምግብ ፈርታ የምትቀንስ ሴት ደህና አይደለችም። ከዚያም ባለፈ «ቃር ነው» ተብሎ የሚታለፍ፣ ቃር ያልሆነ ሕመም አለ። እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ፤ ተነስታችሁ መሄድ ካለባችሁ ግን እሱን ሳትሰሙ አትሂዱ።

መጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ። ጨጓራችን ምግብ የሚፈጨው በጠንካራ አሲድ ነው። ጨጓራ ከዚህ አሲድ ራሱን የሚከላከልበት ወፍራም ንፍጥ መሰል ሽፋን አለው። ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚወርደው የምግብ ቧንቧ ግን እንዲህ ያለ ልባስ የለውም። ስለዚህ በሁለቱ መገናኛ ላይ አንድ የጡንቻ ቀለበት በር ሆኖ ይጠብቃል፤ ጉርሻ ሲመጣ ይከፈታል፣ ጉርሻው ካለፈ ይዘጋል። በእርግዝና ጊዜ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን እጅግ ይጨምራል። ዋና ሥራው ማህፀን እንዳይኮማተርና ፅንሱ እንዲረጋ ጡንቻውን ማላላት ነው። ግን መርጦ አያላላም። አንጀትንም ያዘገያል፤ የእርግዝና ድርቀት አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። በሩንም ያላላዋል። የበሩ ጥንካሬ ከወር ወደ ወር እየቀነሰ ሄዶ ወደ 36ኛው ሳምንት አካባቢ ከሁሉም ዝቅ ይላል፣ ከወሊድ በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል። በዚያ ላይ ከአምስተኛ ወር በኋላ ማህፀን እየሰፋ ሲሄድ ጨጓራን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። የላላ በር፣ ከስር የሚገፋ ነገር። ደረታችሁ መሀል የሚያቃጥለው፣ አፋችሁን የሚያመርረውና የሚያኮመጥጠው፣ ስታገሱ ጉሮሮ ድረስ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙልኝ፦ የእርግዝና ቃር በዋናው አሲድ ስለበዛ የሚመጣ አይደለም፤ አሲዱ ቦታውን ስለለቀቀ ነው። እሳቱን ለማጥፋት የሚደረገው ሩጫ ብዙ ጊዜ የማይሳካው ለዚህ ነው። የሚሻለው በሩ ላይ የሚደርሰውን ግፊት መቀነስ ነው፤ እሱም በምግብ መጠን፣ በሰዓትና በአተኛኘት ይቀነሳል።

እሳት ማጥፊያ ከሚባሉት ልጀምር። ወተት በጣም የተለመደ ነው። ሲጠጡት ያቀዘቅዛል፣ ለጥቂት ደቂቃ አሲዱንም ያረግበዋል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ፕሮቲንና ካልሲየም ጨጓራን ለተጨማሪ አሲድ ይቀሰቅሰዋል፣ ስቡም ምግቡ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ያደርጋል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ጠጥታ የተኛች ሴት ስምንት ሰዓት ላይ ብትነቃ አይገርምም። ወተት የሚስማማት ግማሽ ብርጭቆ፣ በቀን፣ ተቀምጣ ትጠጣ። አምቦ ውሃ ደግሞ «ያገሳኛል፣ ይቀለኛል» ይባልለታል። በእርግጥ ያገሳል፤ ጋዙ ጨጓራን ይነፋዋል፣ ጨጓራ ሲነፋ በሩ ይከፈታል። ግሳቱ ግን ብቻውን አይወጣም፣ አሲዱን ይዞ ይወጣል። ለስላሳም ያው ነው፣ ስኳር ተጨምሮበት። ተልባ በጥብጦ ወይም አሙቆ መጠጣት የብዙ ቤት ልማድ ነው። የሚያሙለጨልጭ ነገሩ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ነገር ግን በኩባያ ሙሉ ማታ ሲጠጣ ጨጓራን ይሞላል። አብሮት የተዋጠ መድኃኒትም በሚያሙለጨልጨው ነገር ተይዞ በደንብ ወደ ሰውነት ሳይገባ ሊቀር ስለሚችል ከኪኒን ጋር አታገናኙት።

ቤኪንግ ሶዳን በውሃ በጥብጦ መጠጣት ግን ለነፍሰ ጡር አይሆንም። አሲዱን በቅጽበት ያጠፋል፣ እውነት ነው፤ ግን በውስጡ ያለው ከፍተኛ ሶዲየም ውሃ በሰውነት እንዲጠራቀምና እብጠት እንዲብስ ያደርጋል፣ ሲደጋገም የደምን የአሲድ ሚዛን ያዛባል። ሶዳ የሚጠቅመው ለአፍ ነው፦ አሲዱ አፍ ድረስ ከመጣ ወይም ካስመለሳችሁ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ ተጉመጥመጡና ትፉት። ወዲያው ጥርስ አትቦርሹ። አሲድ የነካው ጥርስ ገጹ ለጊዜው ስለሚለሰልስ ብሩሹ ይፍቀዋል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

አሁን ወደ መጠን። «ለሁለት ነው የምትበዪው፣ ብዪ እንጂ!» የማይባልባት ነፍሰ ጡር የለችም። ሒሳቡ ግን እንዲህ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ምግብ ከሞላ ጎደል የለም። በመካከለኞቹ ሦስት ወራት በቀን ወደ 340 ካሎሪ፣ በመጨረሻዎቹ ወደ 450 ካሎሪ ይጨመራል። ይህም በቀን አንድ መጠነኛ መክሰስ፣ ሲበዛ አንድ ቀለል ያለ ተጨማሪ ምግብ ነው እንጂ ሁለተኛ ሳህን አይደለም። ጨጓራችሁ ከታች ተገፍቶ ቦታ ጠቦታል፤ ሦስት ጊዜ ጥግብ ብሎ ከመብላት ያንኑ ምግብ አምስት ወይም ስድስት ቦታ መክፈል ነው። አንድ እንጀራ ተኩል በአንድ ማዕድ ትበሉ የነበራችሁ፣ ሦስት አራተኛ አካባቢ ብሉና ተነሱ፣ የቀረውን ከሁለት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት በኋላ ጨርሱት። ነፍሰ ጡሯን ካላጎረስናት ከሚሉ ሰዎች ፊት እዚህ የመጣችሁት ባሎችና አማቶች ዘብ ቁሙላት፤ የጥጋብ ጉርሻ ፍቅር ቢሆንም ሌሊቱን የምትቀመጠው እሷ ናት። ውሃም በማዕድ ላይ ሁለት ሦስት ጉንጭ ይበቃል። በቀን የሚያስፈልጋችሁን ውሃ አትቀንሱ፤ በምግብና በምግብ መካከል ጠጡት።

ሰዓት ከምግብ ዓይነት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ሰው ግን ስለ በርበሬ ነው አጥብቆ የሚጠይቀው። ከእራት እስከ መኝታ ሦስት ሰዓት ይቆይ። አንድ ቀን እንዲህ ሊመስል ይችላል፦ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቂንጬ ወይም ዳቦ በሻይ፤ ሦስት ተኩል ላይ ሙዝ ወይም የተቀቀለ እንቁላል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከምሳ የተረፈው ወይም አጥሚት፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እራት፣ ከቀኑ ሁሉ ያነሰ፤ መኝታ ሦስት ተኩል። በአገራችን ልማድ እራት ባል ከሥራ ሲመለስ፣ ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ላይ ይቀርባል፣ ከዚያ ወዲያው ይተኛል። የቤቱን ሥርዓት መለወጥ ካልተቻለ፣ ነፍሰ ጡሯ በጊዜ ትብላና ማዕዱ ላይ ለወጉ ትቀመጥ። ሌሊት ርቧት የምትነቃ ካለች፣ ደረቅ ዳቦ ወይም ጥቂት ቆሎ ተቀምጣ አላምጣ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይታ ትተኛ።

በርበሬና ሚጥሚጣስ? አሲድ አይጨምሩም፤ የተላጠውን የምግብ ቧንቧ ግን ይቆጠቁጡታል። ዘይት የጠጣ ቁሌትና ቅቤ የበዛበት ወጥ ደግሞ ከጨጓራ ለመውረድ ጊዜ ይፈጃል፤ በእኔ ግምት ከቀይ ወጥ ጥፋቱ የሚበልጠው የቅቤው ነው። ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ጥሬ ሽንኩርት፣ ቸኮሌት፣ ናና ያለበት ሻይ በብዙዎች ላይ ቃር ያነሳሉ። እንጀራም ራሱ ኮምጣጣ ነው፤ ብዙ ቀን የቦካ ሊጥ ሲጋገር ይበልጥ ይጎመዝዛል። እንጀራ የሚያስቸግራት ሴት እንጀራ ከመተዋ በፊት ቡኮው ያነሰ አፍለኛ ትሞክር። አልጫ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ሩዝ፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ አጥሚት፣ ስብ የሌለው ሥጋ በደንብ የበሰለ፣ ለአብዛኛው ሰው ይስማማሉ። ግን የሁሉም ሰው ጨጓራ አንድ አይደለም። ስለዚህ ረጅም የክልክል ዝርዝር አልሰጣችሁም። ለአንድ ሳምንት በደብተር ጻፉ፦ ምን በላሁ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል፣ ቃሩ ስንት ሰዓት መጣ፣ ተኝቼ ነበር ወይስ ጎንበስ ብዬ። ከሳምንት በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ጥፋተኛ ይወጣል፣ እነሱን ብቻ ተዉ። አሥራ አምስት ምግብ አንድ ላይ የተወች ሴት ቃሯ ቢቀልም ደሟ ያንሳል።

ቡና ላይ ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። ካፌይን በሩን ያላላል፣ በእርግዝና ጊዜም በቀን ከ200 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመከራል። ቡና ያለመጠጣት የማይሆንላችሁ፣ አቦሉን አንድ ስኒ፣ ምግብ ከበላችሁ በኋላ፣ ከቀትር በፊት ጠጡ። በባዶ ሆድ የሚጠጣ የጠዋት ቡና ግን ለቃር ጥሪ መላክ ነው። ስኒው ላይ የሚጨመረውን ጤና አዳም ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ተዉት። «ለሆድ መድኃኒት ነው» ይባላል፤ ማህፀንን የሚያኮማትር ባሕርይ ስላለው ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ለቃርም ለፅንስም ጠላት ናቸው። ጫት ምግብ ከጨጓራ እንዳይወርድ ያዘገያል፣ ከዝቅተኛ የልደት ክብደትም ጋር ይያያዛል።

ስለ ጾም ሳልናገር ባልፍ የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲመጣ ትወቅሱኛላችሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ የቆየ ጨጓራ ላይ ዘይት የበዛበት ሽሮና ቃሪያ ሲወርድ፣ ያውም ርሃብ ስላለ በአንዴ ሲወርድ፣ ቃር ባይመጣ ነው የሚገርመው። ለነፍሰ ጡር ጾምን ማቅለል በቤተ ክርስቲያን የተለመደ ነገር ነው፣ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ። ሙስሊም እናቶችም ለራሳቸው ወይም ለፅንሱ ከሰጉ በረመዷን አፍጥረው ሌላ ጊዜ ቀዷ ማውጣት እንደተፈቀደላቸው ያውቃሉ። የምትጾሙ ከሆነ ግን ሁለት ነገር አስቡ። ስታፈጥሩ በቴምርና በውሃ፣ ቀጥሎም በሾርባ ጀምሩ፣ ሳምቡሳውን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ሱሑር፣ ከንጋት በፊት የሚበላውን፣ በልታችሁ መልሳችሁ አትጋደሙ፤ የረመዷን ቃር አብዛኛው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ አልጋ። ስንተኛ በሩና ጨጓራው እኩል ይሆናሉ፣ አሲዱ ቁልቁል የሚይዘው ነገር ያጣል። ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ትራስ ይደራርባል። ሦስት ትራስ ግን የሚያቀናው ጭንቅላትን ነው፤ ወገብ ላይ ይታጠፍና ሆድ ይጨመቃል፣ አሲዱ ይባስ ይገፋል። ከፍ ማለት ያለበት ከወገብ በላይ ያለው አካል በሙሉ፣ ቀጥ ብሎ እንደ ዳገት ነው። ለዚህ የሚሻለው በራስጌ በኩል ካሉት ሁለት የአልጋ እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ነገር ማስገባት ነው። ባለ 15 ብሎኬት በጎኑ ሲጋደም ልክ ይመጣል። የአልጋው እግር ብሎኬቱን ሰብሮ እንዳይሰምጥ ከላዩ ጠንካራ ጣውላ አድርጉበት፣ እንዳይንሸራተትም ግድግዳ አስጠጉት። አልጋውን የምታነሳው ነፍሰ ጡሯ እንዳትሆን አደራ። መሬት ላይ በፍራሽ የምትተኙ፣ ከፍራሹ ሥር ከወገብ ጀምሮ እስከ ራስጌ ብርድ ልብስ እያጠፋችሁ ወደ ላይ ከፍ እያለ እንዲሄድ ደርድሩ። በመጀመሪያው ሌሊት ወደ ታች ትንሸራተታላችሁ፤ ጉልበት መካከል አንድ ትራስ ማድረግ ያግዛል። የለመዳችሁት ሦስተኛው ቀን ላይ ነው።

ከዚያ በግራ ጎን ተኙ። የጨጓራ ከረጢት ወደ ግራ የሚያዘነብል ስለሆነ በግራ ስትተኙ አሲዱ ከበሩ በታች ይጠራቀማል፤ በቀኝ ስትተኙ ደግሞ በሩ ላይ ይተኛበታል። ከ28ኛው ሳምንት ወዲህ ለፅንሱ የደም ዝውውርም በጀርባ ከመተኛት በጎን መተኛት ይመረጣል፣ ስለዚህ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። ተገላብጣችሁ በጀርባ ብትነቁ አትደንግጡ፣ ተመልሳችሁ ዙሩ።

ቀን ቀን ደግሞ ጎንበስ ማለት ነው ችግሩ። ምሳ በልታ ሳፋ ላይ ልብስ ለማጠብ የምትጎነበስ፣ በአጭር መጥረጊያ ቤት የምትጠርግ፣ ከምጣድ ፊት ታጥፋ የምትጋግር ሴት ጨጓራዋን በገዛ ጭኗ እየጨመቀች ነው። ጎንበስ የሚያስብለውን ሥራ ከምግብ በፊት ሥሩት፣ ወይም ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ሳፋውን በርጩማ ላይ አስቀምጡና ቀጥ ብላችሁ እጠቡ። መቀነት አጥብቃችሁ የምትታጠቁ ከሆድ በታች ወይም ላላ አድርጋችሁ ታጠቁ፤ ወገብ የሚያጠብቅ ቀሚስና ላስቲክም እንዲሁ። ከምግብ በኋላ ለሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ማስቲካ ማኘክ ምራቅ ያበዛል፣ ምራቅ ደግሞ አሲድን የሚያረግብ የራሳችሁ መድኃኒት ነው። ማስቲካው የናና ባይሆን ይመረጣል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልቀለለ መድኃኒት አለ፣ ማፈርም መፍራትም አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ የሚለው ይኸው ነው፦ መጀመሪያ የአመጋገብና የአኗኗር ምክር፣ ካልበቃ አንታሲድ፣ ማለትም አሲድን የሚያረግብ መድኃኒት። ካልሲየም ካርቦኔት ያለበት፣ ወይም አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ የተቀላቀሉበት አንታሲድ ለነፍሰ ጡር ይሰጣል። አወሳሰዱ ላይ ግን ስህተት ይበዛል። በባዶ ሆድ የተወሰደ አንታሲድ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ብቻ ይሠራል፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ከተወሰደ እስከ ሦስት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጊዜው ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላና ከመኝታ በፊት ነው። ፈሳሹን ከመቅዳታችሁ በፊት ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቁት፣ መድኃኒቱ ከሥር ይዘቅጣልና፤ መጠኑን በሾርባ ማንኪያ ገምታችሁ ሳይሆን አብሮት በመጣው መለኪያ ቅዱ። የሚታኘከውን ኪኒን አልማችሁ አኝኩት፤ እንደሌላ ኪኒን በውሃ ከተዋጠ ሥራው ይዘገያል። አሉሚኒየም ያደርቃል፣ ማግኒዚየም ያስቀምጣል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደበዛባችሁ ሆዳችሁ ይነግራችኋል። ካልሲየም ያለበትን ከማሸጊያው መጠን በላይ ቀኑን ሙሉ እንደ ከረሜላ መውሰድ፣ በተለይ ወተት ለሚያበዙ፣ በደም ውስጥ ካልሲየም ከልክ በላይ እንዲሆን ያደርጋል። በየቀኑ ካስፈለጋችሁ ለአዋላጅዋ ንገሩ። ያኔ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ፣ ሐኪም የሚያዘው ሌላ መድኃኒት አለ፤ እሱ ደግሞ በተቃራኒው ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት ነው የሚዋጠው።

አሁን ብረቱ። ለክትትል ስትመጡ የሚሰጣችሁ ብረትና ፎሊክ አሲድ፣ 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ያለበት፣ ከአንታሲድ ጋር አይስማማም። አብረው ከተወሰዱ ብረቱ ሳይገባ ያልፋል። ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑራቸው። ከሻይና ከቡናም አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ። ሌላም ነገር አለ፦ ብዙዎች ብረቱን ለማቅለሽለሹ ብለው ልክ ሊተኙ ሲሉ፣ በአንድ ጉንጭ ውሃ ይውጡታል። ያ ኪኒን የምግብ ቧንቧ ላይ ተጣብቆ ያድራል፣ ራሱን ችሎ ያቆስላል፤ ጠዋት «ቃሬ ባሰ» ይባላል። እራት አሥራ ሁለት ሰዓት ከተበላ፣ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተቀምጣችሁ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ዋጡት፣ ሦስት ሰዓት ላይ አንታሲዱን ውሰዱ፣ ሦስት ተኩል ላይ ተኙ። ከምግብ ጋር ሲዋጥ የሚገባው ብረት ትንሽ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ከመተው ግን እጅግ ይሻላል።

አትውሰዱ ከምንላቸው ዋናው የሌላ ሰው የጨጓራ መድኃኒት ነው። ለምሳሌ ሚሶፕሮስቶል ለጨጓራ ቁስለት የተሠራ ነው፣ ግን ማህፀንን ያኮማትራል፣ ያስወርዳል፣ ያደማል። የሕመም ማስታገሻዎቹ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ጨጓራን ይልጣሉ፣ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ በፅንሱ ኩላሊት በኩል የሽርት ውሃን ሊቀንሱ ይችላሉ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል አለ። በየፋርማሲው የሚገኘው ማግኒዚየም ትራይሲሊኬት የሚባለው አንታሲድ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ለነፍሰ ጡር አይመከርም። ከውጭ አገር ዘመድ በሻንጣ የሚመጣውንም አንብቡት፤ ዋናው አልካ ሰልዘር ውስጡ አስፕሪንና ሶዳ ነው፣ ፔፕቶ ቢስሞልም የአስፕሪን ዘመድ አለበት። እንግሊዝ አገር ያሉ እህቶች የሚልኩት ጋቪስኮን ግን ለነፍሰ ጡር ይሆናል። አሲዱ ላይ እንደ ክዳን የሚንሳፈፍ ነገር ይሠራል፤ ስለዚህ ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት ይወሰዳል፣ ከላዩም ውሃ አይጠጣበትም። ሶዲየም ስላለበት የደም ግፊት ያለባችሁ መጀመሪያ ጠይቁ። አንድ ማስተካከያ፦ ግፊት እንዳይመጣ ተብሎ ሐኪም አነስተኛ አስፕሪን ያዘዘላችሁ ካላችሁ ከእኔ ንግግር ተነስታችሁ እንዳታቋርጡ። ከምግብ ጋር ውሰዱት፣ ቃሩን ንገሩት።

ወደ ቀጠርኳችሁ ነገር መጣሁ። በአማርኛ «ልቤን አቃጠለኝ፣ ልቤን አመመኝ» ስንል ከእምብርት በላይ ከደረት በታች ያለውን ቦታ እንጠራለን። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ እዚያ ቦታ ላይ ወይም ከቀኝ ጎድን አጥንት ሥር የሚመጣ ሕመም ሁሉ ቃር አይደለም። የእርግዝና ደም ግፊት፣ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው፣ ጉበትን ሲነካ በትክክል እዚያ ያማል። ልዩነቱን እንዲህ ያዙት። ቃር የሚያቃጥል ነው፣ ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ ከምግብና ከመተኛት ጋር ይመጣል፣ ቀና ሲሉ ወይም አንታሲድ ሲወስዱ ይቀላል። ያኛው እንደሚጨብጥ ወይም እንደሚወጋ ሆኖ ይቆያል፣ በአንታሲድ አይመለስም፣ አንዳንዴ ወደ ጀርባ ይሄዳል። ከራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ከመጭበርበር ወይም ብልጭ ብልጭ ከማለት፣ ከማስመለስ፣ ከፊትና ከእጅ ድንገተኛ እብጠት ጋር ከመጣ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ጤና ተቋም ሂዱ። ሌላው ምልክት ባይኖርም ሕመሙ ብርቱ ከሆነ ግፊታችሁ ይለካ፤ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ለነፍሰ ጡር ከፍተኛ ነው። «ጨጓራዬ ነው፣ ድሮም አለብኝ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሕይወት ያስከፍላል። ከወለዳችሁ በኋላም ባሉት ሳምንታት ይህ ሕመም ሊመጣ ስለሚችል ማስጠንቀቂያው አብሯችሁ ወደ አራስ ቤት ይግባ።

ደም ማስመለስ ወይም የቡና አተላ የሚመስል ማስመለስ፣ ምግብ ሲዋጥ ደረት ላይ መያዝ፣ ክብደት መቀነስ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ የደረት ሕመምና የትንፋሽ ማጠርም ቀጠሮ አይጠብቁም። ጥቁር ሰገራ ላይ ብቻ አትደናገጡ፤ ብረት የምትወስድ ሴት ሰገራዋ ይጠቁራል። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና ክፉ የሚሸት ከሆነ ግን ደም ሊሆን ይችላል።

የልጁ ፀጉር ነው የሚያቃጥለኝ ለምትሉ፣ ፀጉሩ ሆድ ውስጥ አይፋቅም። በፈረንጆች 2006 ግን በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች አባባሉን ውሸት መሆኑን ሊያሳዩ 64 ነፍሰ ጡሮችን ተከታትለው ተቃራኒውን አገኙ፦ መካከለኛና ከባድ ቃር ከነበራቸው 28ቱ የ23ቱ ልጆች ፀጉራቸው መካከለኛ ወይም ብዙ ነበር፣ ምንም ቃር ካልነበራቸው 12ቱ ደግሞ የ10ሩ ልጆች ፀጉረ ሳሳ ነበሩ። ምናልባት በሩን የሚያላሉት ሆርሞኖች ፀጉርንም ያሳድጉ ይሆናል ብለው ገመቱ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በእሱ ተማምናችሁ ኮፍያ እንዳትገዙ፣ አሮጊቶቹንም እንዳትስቁባቸው።

ከወሊድ በኋላስ? የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ፕሮጄስትሮን በፍጥነት ይወርዳል፣ ማህፀኑም ጨጓራውን ይለቃል፣ አብዛኛው ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገላገላል። አንዳንዷ ግን «ወልጄም አልተወኝ» ትላለች። እዚህ ላይ የአራስ ቤቱን ማዕድ ማየት ነው፦ በቅቤ የዋኘ ገንፎ፣ ቀኑን ሙሉ አጥሚት፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር «እስቲ ለኔ ስትይ» ተብሎ አንድ ማንኪያ፣ አራሷም ጋደም እንዳለች። ገንፎውን አልከለክልም። ቁጭ ብላ ትብላው፣ ቅቤው ይቀነስ፣ ከበላች በኋላም ሕፃኑን ይዛ ቀና ብላ ታጥባ። ብሎኬቱን ከአልጋው ሥር ያወጣችሁትም መልሱት፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆይ። ከዚያ አልፎ ከቀጠለ የእርግዝናው በር አይደለምና ለጨጓራ ምርመራ ኑ።